አርባ ሦስት ቤት በአንድ ሾላ ሥር

በዋግ፣ ፃግብጂ ውስጥ፣ ግራር ውሃ በምትባል ቀበሌ፣ አያ ደጅይጥኑ ወልደ ጻድቅን የማያውቅ ሰው የለም። ሰው ብቻም አይደለም፤ ውሻው ሁሉ ያውቀዋል። እንግዳ ሲያይ ገመድ የሚበጥስ ውሻ ደጅይጥኑ ሲመጣ ጅራቱን እየቆላ ይነሣና መንገድ ይለቅለታል። ሰውየው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቀበሌ ጥሪ ሲያደርስ ኖሯላ። ስብሰባ ሲኖር፣ ግብር ሲደርስ፣ ሰው ሲሞት፣ የጠፋ በሬ ሲገኝ፣ በየደጁ እየዞረ የሚናገረው እሱ ነው። መንግሥት ተለወጠ፤ ላኪዎቹም ተለወጡ፤ የሚላከው እግር ግን ያው የደጅይጥኑ እግር ነው።

ፊደል አልቆጠረም። ነገር ግን የሚኖርባትን ጎጥ አርባ ሦስት ቤቶች ከላይኛው ጫፍ ጀምሮ በተርታ ሲጠራ ዳዊት የሚደግሙ ቄስ ይመስላል፤ አንዲት አይዘልም። የማን በር ወደ ምሥራቅ እንደሚከፈት፣ የማን ደጅ ላይ ያለችው ድንጋይ ሰው እንደምታደናቅፍ፣ የትኞቹ ባልና ሚስት ጀርባ ተሰጣጥተው እንደሚተኙ ያውቃል። የመጨረሻውን እንዴት እንዳወቀ ሲጠየቅ «ጠዋት በሩን ማን እንደሚከፍተው አይቼ» ይላል፤ ከዚያ በላይ ግን ማብራሪያ አይሰጥም። ሰውም ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩን ማን መክፈት እንዳለበት ሲጨነቅ ይኖራል።

ስለ አንዲት ቤት ብቻ ወሬ አይወድም። የልጁ የአንዷለም ቤት ነች።

አንዷለም ከገደሉ ሥር፣ ፀሐይ አርፍዳ በምትደርስበት ጠባብ ቦታ፣ ድንጋዩን ራሱ ተሸክሞ የሠራት ቤት ነች። የጋዝጊብላ ልጅ አግብቶ፣ ትግስት የምትባል፣ ገና ግድግዳው ሳይደርቅ ገቡባት። ዓመት ሳይሞላቸው ልጁ «ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ደርሼ ልምጣ» ብሎ ወጣ። ከሁመራ ሱዳን ገባ ተባለ። ከሱዳን ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ደረሰ የሚል ወሬ መጣ። ከዚያ በኋላ ወሬም አልመጣ። ትግስት አንድ ዓመት ጠብቃ ወላጆቿ ዘንድ ተመለሰች፤ ማንም አልፈረደባትም። የቤቱ ቁልፍ ደጅይጥኑ ኪስ ውስጥ ቀረ።

በ1997 ዓ.ም. ሴፍትኔት የሚባለው ነገር ወደ አገሩ ገባ። የዓመት እህል የማይበቃው ቤተሰብ እርከንና መንገድ እየሠራ በየወሩ ስንዴ ይሰፈርለታል። ታዲያ ኮታ አለው፤ ለጎጡ አርባ ሦስት ቤተሰብ ብቻ ተፈቀደ፤ ጎጡ ደግሞ አርባ አራት ቤት ሆኖ ተገኘ። አርባ አራተኛዋ ከነልጆቿ ከባሏ ሞት በኋላ ከሰሃላ ወደ ዘመዶቿ የመጣች ይታየሽ የምትባል ሴት ነች፤ ገና መጤ ስለነበረች ደጅይጥኑ በሚጠራው ተርታ ውስጥ እንኳ አልገባችም። ኮሚቴው ተሰብስቦ ስም ሲመለምል የአንዷለም ስም ላይ ሲደርስ አንዱ አባል ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ እሱ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ደጅይጥኑ ራሱ የኮሚቴ አባል ነበር። ልጄ ከብት ይዞ ቆላ ወርዷል፤ የሥራ ድርሻውን እኔ እሠራለታለሁ አለ።

ሳዑዲ የሄደ ሰው የምን ከብት ነው የሚጠብቀው ብሎ አባትን ፊት ለፊት የሚጠይቅ ማን አለ? ስሙ ተጻፈ። ይታየሽ ለሚቀጥለው ዓመት ትታይ ተባለ።

ከዚያ ወዲህ ደጅይጥኑ የሁለት ሰው እርከን ይሠራ ጀመር። ሐምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ጠዋት የራሱን ይቆፍራል፤ ከሰዓት የልጁን። የሚሰፈርለትን የልጁን ስንዴ ደግሞ ወደ ቤቱ አያስገባም፤ ወደ ገደሉ ሥር ተሸክሞ ወርዶ የልጁ ጎታ ውስጥ ይገለብጠዋል። በየማለዳው እዚያችው ቤት ሄዶ እሳት ያነዳል። ቤት ካልጨሰበት ምስጥ ይጨርሰዋል ይላል ለጠየቀው። ሚስቱ ዓይናዲስ ብቻ፣ አንድ ቀን እርከኑ ላይ ወገቡ ተይዞ ስታሸው፣ ይህ ሁሉ ለምስጥ ነው ወይ አለችው። እውነቱ የልጁ ስም ነበር። ልጁ መዝገብ ላይ እስካለ ድረስ አለ፤ የተሰረዘ ቀን ግን በአባቱ እጅ እንደተቀበረ ይቆጠራል። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ሰው ግን አወቀ፤ ግራር ውሃ ውስጥ ያልተነገረ ነገር ይበልጥ ይሰማል።

በዓመቱ ከሰቆጣ የመጣ አንድ ወሬ አገሩን አናወጠው። ሌላ ቀበሌ ያለ ካሤ የሚሉት ሰው በሁለት ስም፣ በሁለት ሚስት፣ በሁለት ቤተሰብ ስንዴ ሲወስድ ኖሮ ተያዘ። ማን ያዘው? ሰው አይደለም፤ መዳፍ የምታህል ቢጫ ዕቃ ነች። ጂፒኤስ ይሏታል። ባለሙያው በየተመዝጋቢው ደጅ ቆሞ አንድ ጊዜ ይጫናታል፤ ሰማይ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች ጋር ትነጋገርና ያለችበትን ቦታ ትይዛለች፤ ሰቆጣ ስትደርስ ኮምፒውተር ውስጥ ትከታለች። የካሤ ሁለት ቤተሰቦች ደጃፍ ለደጃፍ አራት እርምጃ ብቻ ተራርቀው ተገኙ፤ ሰውየው ከበረቱ ጎን የዶሮ ቤት ሠርቶ ሁለተኛ ቤቴ ነው ብሏል። ወሬው ፃግብጂ ሲደርስ ደግሞ ተጋግሮ ደረሰ። ዕቃዋ ካሤን የትኛዋ ሚስቱ ዘንድ እንዳደረ አይታለች ተባለ። ገበያ ላይ አንዷ ሴት፣ ወጡ ውስጥ ስንት ጭልፋ ቅቤ እንደገባ ሳይቀር ይዛለች ብላ ማለች። ደጅይጥኑ ይህን ሰምቶ አልሳቀም።

ቢጫዋን ዕቃ ይዞ ግራር ውሃ የመጣው ሸጋው የሚባል የወረዳ ባለሙያ ነው። ሥራ ከጀመረ ሦስት ወሩ ነው። ከመኪና ወርዶ ግማሽ ቀን ዳገት ወጥቶ ሲደርስ ጫማው ተረከዙን ልጦታል። እዚህ ላይ ደጅይጥኑ አንድ ስሕተት ሠራ፤ ይህን ስሕተት ደግሞ የዋግ ሰው ካልሆነ ማንም አይሠራውም።

ወሩ ሐምሌ ነበር፤ ጎተራ ሁሉ የተጠረገበት ወር። እንግዳ ደጅ ላይ ከቆመ የቤቱ እመቤት ባዶ እጇን አትወጣም፤ ቆሎም ይሁን ንፍሮ፣ የሆነ ነገር መያዝ አለባት። አርባ ሦስት ደጅ ማለት አርባ ሦስት ሴት ጎረቤት ለጎረቤት ቆሎ ስትበደር ማለት ነው፤ የምትበደረው ያጣችው ደግሞ በር ዘግታ ልትደበቅ ነው። ስለዚህ ደጅይጥኑ ሸጋውን ትልቁ ሾላ ሥር አስቀመጠው። ከየቤቱ ትንሽ ትንሽ ተዋጥቶ አንድ እንስራ ጠላ ተጠመቀ፤ ከንብ ባለቤቱ ከተስፋው ቤት አንድ ጣባ ማር መጣ። ባለቤቶቹ በተርታ እየመጡ ሾላው ሥር ቆሙ። ቤትህ የት ነው ሲባሉ በጣታቸው ያሳያሉ፤ ሸጋው ዕቃዋን ይጫናታል፤ ቢጫዋ ጭው ትላለች፤ ቀጥል። በአንዷለም ተራ ደጅይጥኑ ራሱ ጣቱን ወደ ገደሉ ሥር ዘረጋ። አርባ ሦስት ጊዜ ጭው አለች። የሚያመው ተረከዝና የተስፋው ማር ባይኖሩ ሸጋው ሥልጠና ላይ የተነገረውን ያስታውስ ነበር። ደጅይጥኑ ግን ለራሱ ሌላ እፎይታ ነበረው። ዕቃዋ ወደ ገደሉ ሥር አልወረደችም።

በሳምንቱ ደጅይጥኑ ሰቆጣ ተጠራ። አንድ ቀን ሙሉ ሄዶ በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ደረሰ። ሸጋው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ፊቱ የታመመ ሰው ፊት ነው። ኃላፊዋ ፍቅርአዲስ የምትባል፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ሰው ስታይ ግን ዓይኗን ከላዩ የማታነሣ ሴት ነች። ደጅይጥኑን ወንበር ስባ አስቀመጠችውና የኮምፒውተሩን መስኮት ወደ እሱ አዞረችው። እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ቤት እንደሆነች ነገረችው። የሌሎቹ ቀበሌዎች ነጥቦች ሜዳ ላይ እንደተበተነ ጤፍ ተዘርተዋል። የእነ ደጅይጥኑ ጎጥ ግን አንዲት ጥቁር ነጥብ ብቻ ነች።

«አባባ፣ ወይ አርባ ሦስት ቤተሰብ ወፍ ሆኖ ሾላ ላይ ሰፍሯል፣ ወይ ስሞቹ የውሸት ናቸው» አለችው። «እኔ የማየው ይህን ነው። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ጎጡ በሙሉ ከዝርዝር ይወጣል። ሸጋውም ሥራው ላይ አይቆይም።»

ደጅይጥኑ ስለ ቆሎው፣ ስለ ሴቶቹ፣ ስለ እንስራው አስረዳ። ፍቅርአዲስ ሳትስቅ ሰማችው፤ መጨረሻ ላይ ግን አፏን በእጇ ሸፈነች። ደጅይጥኑ ዓይኑ ከነጥቧ አልተነቀለም። ሾላዋ ናት ይህች? ናት አለችው። ስንት እርምጃ ትስታለች? ብትስት አምስት፣ ስድስት። ሰውየው ጣቱን አንሥቶ፣ እንዳያጎድፋት ፈርቶ ይመስል፣ ነጥቧ አጠገብ አቆመው። ሠላሳ ዓመት በእግሩ የለካውን አገር አንድ ብርሌ የማታህል ዕቃ ከሰማይ ለክታ አምጥታለች፤ ያውም ሳይደክማት። ከእሱ በላይ አገሩን የሚያውቅ ነገር ይኖራል ብሎ አስቦ አያውቅም። ቤት ውስጥ ያለውንስ ታያለች ወይ ብሎ ሊጠይቅ ከንፈሩ ከተላቀቀ በኋላ መልሶ ዘጋው። መልሱን ፈራ።

የመልስ ጉዞው ረዥም ነበር። ዕቃዋ በየደጁ ካልቆመች አርባ ሁለት ቤት ስንዴውን ያጣል፤ ያውም በሐምሌ፣ ያውም በእሱ ምክንያት። በየደጁ ከቆመች ደግሞ የአንዷለምንም ደጅ ታያለች። ቤቱ ፈርሷል ብል? ጭሱን ማን አያየውም። ልጁ ቆላ ነው ብል? ቢጫዋ ቆላውንም ታያለች። ዳገቱን ጨርሶ ሲያርፍ አንድ ነገር ብቻ ቆረጠ፤ የልጁን ቤት መጨረሻ ያደርጋታል።

ሴቶቹን ግን መጀመሪያ ማዳን ነበረበት። ሸጋው ዳግም ከመምጣቱ በፊት ጎጡን ዞረና፣ ባለሙያው ስለት እንዳለበት፣ የሁሉንም ደጅ ሳይጨርስ እህል እንደማይቀምስ አስነገረ። ሴቶቹ ትንፋሻቸው መለስ አለ። ጸሎተኛ መንግሥት መጣልን አሉ። ሸጋው ስለ ስለቱ የሰማው ሦስተኛው ደጅ ላይ ነው፤ አንዲት አሮጊት «ስለትህን ይቀበልልህ፤ ያውም በዚህ ቅጥነትህ» ብለው ሲመርቁት።

«ምን ስለት ነው አያ?» አለ ሸጋው መንገድ ላይ።

«ያንተ።»

«የኔ?»

«ሁለት ቀን ነው። ወጣት ነህ፣ ትችላለህ።»

ሸጋው በዚያን ቀን ከቆንጥር መሐል የለቀማትን የቁልቋል ፍሬ በድብቅ ሲበላ በተስፋው ንብ ቀፎ አጠገብ ታይቷል ይባላል፤ ያየችው ሴት ግን ስለቱን ላለማፍረስ አላየሁም ትላለች።

ሁለት ቀን ዞሩ። ደጅይጥኑ ይመራል፣ ሸጋው ይከተላል፣ በየደጁ ቢጫዋ ጭው ትላለች። ያን ጊዜ ሸጋው የማያውቀውን አየ። ወረቀቱን አውጥቶ ቀጣዩ ማን ነው ሳይል ሰውየው ስሙን ይናገራል፤ ከዚያም የቤቱን ነገር። ይህ ቤት በሩ ወደ ኋላ የዞረው ከወንድሙ ተጣልቶ ነው። ይህ ቤት ሁለት ጊዜ ተቃጥሏል፤ ሦስተኛውን ሣር ጎጡ ነው የከደነው። እዚህ ጋ እርምጃህን አስፋ፣ ውሃ አለበት። ሸጋው ነጥቦቹን ሲያያቸው፣ በቢጫዋ ትንሽ መስኮት ላይ ተራ በተራ ሲቀመጡ፣ ሰውየው ከአፉ እያወጣ የሚዘራቸው መሰለው። መሬት ውስጥ ያደገች የዛፍ ሥር ብትናገር እንዲህ ነው የምትናገረው ብሎ ኋላ ለባልደረቦቹ አወራ። ደጅይጥኑ ደግሞ በሸጋው አይደለም የተገረመው፤ በቢጫዋ ነው። አርባ ሁለቱም ደጅ ላይ አላመነታችም። ቆመ፣ ጭው አለች፤ ቆመ፣ ጭው አለች። እውነተኛ ደጅ ስታገኝ እንደምትደሰት ሁሉ።

ሐሙስ ከሰዓት ወደ ገደሉ ሥር ወረዱ። የአንዷለም ቤት በሯ ተጠርጎ፣ ጣራዋ ሥር ጭስ እየወጣ ቆማለች። ማንም ቢያያት ሰው ያለባት ቤት ናት። ሸጋው ደጃፉ ላይ ቆሞ ተጫናት።

ቢጫዋ ዝም አለች።

ሸጋው ከፍ አደረጋት፤ ዝም። ወደ ግራ ዞረ፣ ዝም። ጥቂት እንጠብቅ አለ። ጠበቁ። ደጅይጥኑ መጀመሪያ ዕቃዋን አየ፤ ቀጥሎ ሰማዩን፤ ቀጥሎ መሬቱን። አርባ ሁለት ደጅ ላይ ጮኻ እዚህ ዝም ያለችበት ምክንያት አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ኮፍያውን አውልቆ ያዘ፣ ልክ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደደረሰ።

«ተዋት ልጄ» አለ። «ትክክል ናት። እዚህ ሰው የለም።»

ሸጋው ቀና አለ።

«ጭሱን የማጨሰው እኔ ነኝ። ልጄ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው። ቆላ አይደለም፤ የት እንዳለ አላውቅም። ስሙን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሥራውንም የሠራሁት እኔ። ሌሎቹን አትንኩብኝ።»

ሸጋው ዕቃዋን እንደያዘ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ ከገደሉ ጥላ ወጣ አለ። ያኔ ቢጫዋ በእጁ ላይ ጭው አለች።

ደጅይጥኑ አማተበ። ተናዘዝኩ፤ ተቀበለችኝ ብሎ አመነ። ሸጋው ግን ቅን ልጅ ነውና ዝም ማለት አልሆነለትም። አንጋጦ ገደሉን አሳየው። ሳተላይቶቹን የጋረደው ይህ ነው አለው፤ ዕቃዋ ሰማይ ካልተገለጠላት አትሠራም፤ ዝም ያለችውም ለዚያ ነው።

ደጅይጥኑ ገደሉንም ዕቃዋንም አየ። «ቤት ውስጥ ማን እንዳለ አታይም?»

«አታይም አያ። የቆመችበትን ቦታ ብቻ ነው የምታውቀው። ባይነግሩኝ ኖሮ ይህን ደጅ ጽፌ እሄድ ነበር።»

ሰውየው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሳቅም ልቅሶም የሆነ ድምፅ ከደረቱ ወጣ። ቆይቶ አንድ ነገር ጠየቀ፤ ሸጋው ያን ጥያቄ እስከ ዛሬ አይረሳውም።

«ሳዑዲ ያለ ሰውስ? የት ላይ እንደቆመ ትነግረኛለች?»

«እሱ ራሱ ይህችን በእጁ ይዞ ከቆመ ብቻ» አለ ሸጋው ቀስ ብሎ። «ከያዛት፣ እሱ የት እንዳለ ያውቃል። እኛ አናውቅም።»

ደጅይጥኑ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ተነሥቶ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፤ እህሉን ልመልስ፣ አንድ ፍሬ አልተነካም ብሎ ቤቱን ከፈተ። የጎታውን ክዳን አነሣ። ስንዴው ጢም ብሏል። ሸጋው በተራበ ሆዱ ስንዴውን እያየ ክንዱን ከተተ። እጁ አንድ ስንዝር እንኳ ሳይጠልቅ ገለባ ዘገነ። እንደገና ከተተ፤ ገለባ። ከላይ ስንዴ የተነሰነሰበት የገለባ ጎታ ነው።

ደጅይጥኑ ሌባ ገባ ብሎ ሲጮኽ ዓይናዲስ ከላይ ሰምታ ወረደች። ምንም አልደነገጠችም። ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆመች።

«አንተ ስትወጣ እኔ እወርዳለሁ፤ ቁልፉንም ስትተኛ ከኪስህ አወጣዋለሁ» አለች። «የኔ ስንዴ አይደለም፣ ያንተም አይደለም፤ ለነቀዝ አስቀምጬ ልጠብቀው? ለይታየሽ ልጆች ሰጥቻቸዋለሁ። በየወሩ።»

«ማን ያውቃል ይህን?»

«ማን አያውቅም?»

ይህ ነው ደጅይጥኑን ከቢጫዋ ይበልጥ ያዞረው። የአርባ ሦስት ቤት ሚስጥር የሚቆጥረው ሰው፣ ጎጡ ሁሉ ዓመት ሙሉ ያወቀውን ነገር፣ ያውም የራሱን ጎታ፣ አላወቀም። የጎጡ ሰው ወሬ የሚያመጣለት ለካ እየመረጠ ነበር። ሚስቱን ለረዥም ጊዜ አያት፤ እስከዛሬ ድረስ ደጇን ያላየላት ቤት ይመስል። አንድም ክፉ ቃል አልተናገራት። ሸጋው ሁሉንም እንዳለ ጻፈ፤ ማን እንዳስጻፈ፣ ማን እንደሠራ፣ ስንዴው ማን ዘንድ እንደደረሰ። ፍቅርአዲስ ያን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበችውና ጎጡን መልሳ ፈቀደች፤ ደጅይጥኑ ከኮሚቴ እንዲወጣና ነገሩ በሕዝብ ፊት እንዲነገር አዘዘች። ደግሞም የይታየሽ ደጅ እንዲለካ።

በሚቀጥለው እሑድ ሕዝቡ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጅ ተሰበሰበ። የተጠቃሚ ስም በሕዝብ ፊት ይነበባል፤ ሕጉ ነው፤ ቅር ያለው እዚያው ይናገራል። ሸጋው ወረቀቱን ሊያነብ ሲነሣ የቀበሌው ሊቀ መንበር አስቆመው። ግራር ውሃ ውስጥ ስም የሚጠራው አንድ ሰው ነው አለ። ኮሚቴ ያልሆነ ሰው ስም መጥራት አይችልም የሚል መመሪያም የለም።

ደጅይጥኑ ፊት ወጣ። ወረቀት አልያዘም። ከላይኛው ጫፍ ጀመረ። አንዱን ስም ሲጠራ ያኛው አለሁ ይላል፤ ሸጋው ወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርጋል። ተስፋው፣ አለሁ። ባንቺ፣ አለሁ። እንግዳው፣ አለሁ። ሰውየው ዓይኑን ከድኖ ነበር የሚጠራው፤ ዳገቱን በአፉ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሕፃን እንኳ አላለቀሰም። ሸጋው በሃያኛው ስም ላይ ወረቀቱን መከታተል ትቶ አፉን እያየ ቀረ፤ አንድም አልሳተም፣ አንድም ተርታ አላለፈም። ቢጫዋ ዕቃ ቀበቶው ላይ ተሰክታ ዝም ብላለች።

አርባ ሁለት ሞላ። ደጅይጥኑ በአፉ ወደ ገደሉ ሥር ወረደ፤ ሰው ሁሉ መውረዱን በፊቱ ላይ አየ። ቢፈልግ እዚህ ላይ ማለፍ ይችል ነበር፤ ማንም አይከሰውም።

«አንዷለም ደጅይጥኑ» ብሎ ጠራ።

መልስ የለም። ጠበቀ፤ ሕዝቡም አብሮት ጠበቀ። ለስም የሚሰጠውን ያህል ጊዜ ሰጠው፣ ከዚያም ትንሽ ጨመረለት። ዓይናዲስ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

«የለም» አለ ደጅይጥኑ ራሱ። «ሄዷል። የት እንዳለ አናውቅም። ያለበትን እግዜር ያውቃል። ይሰረዝ።»

ሸጋው ሰረዘ። የእስክሪብቶው ድምፅ እስከ ኋላ ተሰማ ይባላል፤ ይህ ምናልባት ተጋኖ ይሆናል።

ደጅይጥኑ ዓይኑን ገለጠ። የሚቀጥለውን ደጅ መንገድ በአፉ ሄዶት አያውቅም፤ ትንሽ ቆመ፣ እግሩ ሥር ያለውን መሬት አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ከሴቶቹ መሐል ፈለጋት።

«ይታየሽ።»

«አለሁ» አለች።